የወንጀል ፊልም ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ ደብተሩን ሥሩ

ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ዘ ጎድፋዘር»ን መቅረጽ ሲጀምር 31 ዓመቱ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1971 ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያቋቋመው አሜሪካን ዞትሮፕ የሚባል ድርጅት ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል። ፊልሙ የተነሳበትን የማሪዮ ፑዞን መጽሐፍ መጀመሪያ ሲያየው አልወደደውም ነበር፤ ርካሽ ነገር መስሎት ተወው። ተቀበል እንጂ ብሎ የገፋፋው የሥራ ባልደረባው ጆርጅ ሉካስ ነው፤ ገንዘብ ያስፈልገን የለ እንዴ በሚል።

ገባበት። ከዚያ በኋላ ፊልሙን የሚያሠራው ስቱዲዮ ፓራማውንት ያልተቃወመው ነገር የለም። ማርሎን ብራንዶ? አይሆንም። አል ፓቺኖ? አጭር ነው። የ1940ዎቹ ታሪክ? የዛሬ አድርገው፣ ርካሽ ይሆናል። ኒውዮርክ? ውድ ነው፣ ሌላ ከተማ ቅረጸው። ኮፖላ ዛሬ ነገ ያባርሩኛል እያለ ነው ፊልሙን የጨረሰው።

ይህን ሁሉ በየቃለ ምልልሱ ሲያወራ አንድ ነገር ላይ ሁሌም ይመለሳል። በጣም ወፍራም የሆነ ደብተር ነበረው። ስክሪፕቱ ባይኖርም በደብተሩ ብቻ ፊልሙን መሥራት እችል ነበር ይላል። ደብተሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ ስለወጣ ዛሬ ማንም ሊያየው ይችላል። እኔ ደግሞ አይቶ ከማድነቅ ራሳችሁ ብትሠሩት ይሻላል ባይ ነኝ። ወጪው ወረቀትና ኮላ ነው። የወንጀል ፊልም የሚበላሸው ሁልጊዜ በጀት በማነስ አይደለም። ቀረጻው ቀን ሁሉም ሰው ሲጮህ፣ ጀነሬተሩ ሲንጫጫ፣ ይህ ትዕይንት ለምን እንደተጻፈ የሚያስታውስ አንድ ሰው ሲጠፋ ነው።

ደረጃ 1፦ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቡ

መነሻችሁ ልብ ወለድም ሊሆን ይችላል፣ ራሳችሁ የጻፋችሁት ረቂቅም ሊሆን ይችላል። የሰው መጽሐፍ ከሆነ የደራሲውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለላችሁ። «ደራሲው እኮ ወዳጄ ነው» የሚለው ነገር ፊልሙ ገንዘብ ማምጣት የጀመረ ቀን አይሠራም።

በመጀመሪያው ንባብ ብዕር ያዙና የደነገጣችሁበትን፣ የሳቃችሁበትን፣ የሰለቻችሁበትን ቦታ ሁሉ ዳር ዳሩን ምልክት አድርጉ። አትተንትኑ። ኮፖላ ለዚህ የመጀመሪያ ስሜት ትልቅ ቦታ ይሰጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ተመልካቹም ፊልሙን የሚያየው እንደ አዲስ ነው። አሥረኛ ጊዜ ካነበባችሁት በኋላ ምኑ እንዳስደነገጣችሁ አታስታውሱም።

ሁለተኛው ንባብ መቁረጫ ነው። በ1969 የወጣው የማሪዮ ፑዞ መጽሐፍ ወፍራም ነው። የዘፋኙ የጆኒ ፎንቴን የሆሊውድ ኑሮ በሰፊው አለበት። የሉሲ ማንቺኒ የላስ ቬጋስ ታሪክ አለበት። ኮፖላ አብዛኛውን ገፍቶ አስወጣው። ቪቶ ኮርሊዮኔ በወጣትነቱ እንዴት ዶን (የወንጀለኛ ቤተሰብ አለቃ) እንደሆነ የሚተርከውን ክፍል ደግሞ አስቀመጠው፤ በ1974 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ተጠቀመበት። ተቆርጦ ተቆርጦ የቀረለት ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉት ንጉሥ ነው። ሶኒ ቁጣውን ወርሷል፣ ፍሬዶ የዋህነቱን፣ ማይክል ብልጠቱንና ቅዝቃዜውን። እዚህ ጋ ሲደርስ ነው መጽሐፉን የወደደው።

የእናንተንም ታሪክ «ወንጀል»፣ «ሌባ»፣ «ግድያ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ሱቅ ሲጣሉ። አንዲት እናት ልጇ የሚያመጣው ገንዘብ ከየት እንደሆነ ላለማወቅ ስትታገል። እንዲህ ያለ ነገር ካልወጣላችሁ ገና መቁረጥ ይቀራችኋል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ደብተሩን በእጃችሁ ሥሩ

ኮፖላ ኮሌጅ የተማረው ቲያትር ነው። በቲያትር ቤት የመድረክ አስተባባሪው የሚይዘው አንድ ትልቅ ደብተር አለ፤ ተውኔቱ መሃል ላይ ተለጥፎ ዙሪያውን ማን በየት እንደሚገባ፣ መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ ይጻፍበታል። እሱም ያንኑ ነው ያደረገው።

መጽሐፉን ገነጠለው። ከዚያ ትልልቅ ወረቀቶች ወስዶ መሃላቸው ላይ እንደ መስኮት ቀዳዳ አወጣ። የመጽሐፉን ገጽ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ለጠፈው። እንዲህ ሲሆን የገጹ ፊትም ጀርባውም ይነበባል፣ በአራቱም በኩል ደግሞ ለማስታወሻ ሰፊ ቦታ ይተርፋል። ቀዳዳዎቹ እንዳይቀደዱ ጠርዛቸውን ሳይቀር አጠናከረ። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ካፌ ትሪየስቴ የሚባል ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ነው ብዙውን የሠራው።

ለእናንተ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ሁለት የመጽሐፉ ቅጂ (አንዱ ይገነጠላል፣ አንዱ ይቀመጣል)፣ ትልቅ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ምላጭ፣ ኮላ፣ ፓንቸር፣ ወፍራም ቦክስ ፋይል፣ የተለያየ ቀለም ያላቸው ብዕሮች። ቀዳዳውን በፕላስተር አጠናክሩት። መነሻችሁ የራሳችሁ ረቂቅ ከሆነ መስኮቱን መቅደድ አያስፈልግም፤ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ አትሙትና ዳሩን በሰፊው ተዉ።

በስልክ ወይም በላፕቶፕ አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። ይሆናል። ግን ባትሪ የሚያልቀው ሁልጊዜ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። በዚያ ላይ መቀሱ ራሱ ያስተምራል። አንድ ገጽ ቆርጦ ለመለጠፍ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ስለዚያ ገጽ ታስባላችሁ።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አምስት ርዕስ

ኮፖላ ታሪኩን ወደ 50 ትዕይንት ከፈለው። ከእያንዳንዱ በፊት በታይፕ የተጻፈ ገጽ አስገባ። ገጹ ላይ አምስት ርዕሶች አሉ።

አንደኛው ማጠቃለያ ነው። ምን ተከሰተ? ማን ገባ፣ ማን ወጣ? ከዚህ በላይ አይደለም።

ሁለተኛው ዘመኑ ነው። ፊልሙ በ1945 በጋ በሠርግ ይጀምራል። ጦርነቱ ማለቁ ነው። ማይክል የወታደር ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ማንም ሳይናገር ዘመኑንም ታወቀ፣ ልጁ ከቤተሰቡ መንገድ ወጥቶ እንደነበርም ታወቀ። የእናንተ ታሪክ የዛሬ ቢሆንም ይህን ርዕስ አትዝለሉት። «ዛሬ» ማለት በየትኛው የስልክ ዓይነት፣ በየትኛው የታክሲ ቀለም፣ ገንዘብ በጥሬው ነው ወይስ በቴሌብር የሚከፈለው? የዛሬ አምስት ዓመት የተቀረጸ ፊልም ላይ ሌባው የያዘውን ሞባይል አይታችሁ ስቃችሁ ታውቁ ይሆናል።

ሦስተኛው ምስልና ድባብ ነው። እዚህ ላይ የካሜራ ባለሙያው ጎርደን ዊሊስ ይነሳል። የዶኑን ቢሮ ከላይ በሚወርድ ብርሃን ብቻ አበራው። ዶኑን የሚጫወተው የብራንዶ ዓይን ጥላ ውስጥ ገባ፤ ምን እያሰበ እንደሆነ ማንበብ አይቻልም። ውጭ ደግሞ ሠርጉ በፀሐይ ተጥለቅልቋል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ በር ነው። አብዛኛው የኛ የወንጀል ፊልም ጨለማን የሚያመጣው በሰማያዊ መብራት ነው። ጨለማ የሚታየው ግን አጠገቡ ብርሃን ሲኖር ነው። ስለዚህ እዚህ ርዕስ ስር «አስፈሪ» ብላችሁ አትጻፉ። መብራቱ ከየት እንደሚመጣ ጻፉ፣ ካሜራው ይቆማል ወይስ ይንቀሳቀሳል፣ ምን ድምፅ ይሰማል።

አራተኛው እምብርቱ ነው። ይህ ትዕይንት ቢወጣ ፊልሙ ምን ያጣል? በአንድ ወይም በሁለት መስመር። ለመክፈቻው ትዕይንት ኮፖላ የጻፈው ሐሳብ ዶኑን ማስተዋወቅና የሥልጣኑን ስፋት ቀስ በቀስ ማሳየት፣ ቤተሰቡና ንግዱ አንድ አካል መሆናቸውን ማስረገጥ የሚል ነው። እምብርት መጻፍ ካቃታችሁ ትዕይንቱ እምብርት የለውም ማለት ነው፣ አውጡት።

አምስተኛው ወጥመዶች።

ደረጃ 4፦ ወጥመዶቹ ላይ ቆዩ

ሌላው ሁሉ በየፊልም ትምህርት ቤቱ አለ። ይኼኛው ግን የኮፖላ ደብተር ነፍስ ነው። በየትዕይንቱ ይህን ነገር ምን ሊያበላሸው ይችላል ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን ይጽፋል። በአጭሩ ፍርሃቱን ይዘረዝራል።

ለመክፈቻው ትዕይንት ከጻፋቸው ፍርሃቶች አንዱ የተለመደ ነገር መድገም ነው፤ ጣሊያኖቹ እንደ ቀልድ ፊልም በተጣመመ እንግሊዝኛ ሲንተባተቡ። ኮፖላ ራሱ የጣሊያን ስደተኞች ዘር ነው። እናቱ ቤት የሚበላውንና የሚዘፈነውን ያውቀዋል። እንዲያም ሆኖ ፈራ።

እኛም ጋ ይህ ወጥመድ ሰፊ ነው። ሌባው አፉን ሲከፍት የአንድ አካባቢ ዘዬ ይሰጠዋል፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ያ ሕዝብ ደግሞ አይስቅም። የወንጀል ፊልም የግድ ወደ አንድ ሰፈር፣ ወደ አንድ ማኅበረሰብ ይጠቁማል። «ዘ ጎድፋዘር» ሲዘጋጅ በአሜሪካ ያሉ ጣሊያኖች ማኅበር ተነሥቶበት ነበር። ፕሮዲዩሰሩ አል ረዲ ከማኅበሩ መሪ ከጆ ኮሎምቦ ጋር ተቀምጦ ተነጋገረና «ማፊያ» የሚለው ቃል ከስክሪፕቱ ወጣ። ፊልሙ ቃሉ ባለመኖሩ ምንም አልጎደለበትም። እንዲያውም ሰዎቹ ራሳቸውን በዚያ ስም ባለመጥራታቸው ይበልጥ እውነት ሆኑ።

ወጥመዶችን ስትጽፉ ሦስት ዓይነት ፍርሃት ለዩ። አንዱ የታሪክ ነው፤ ተመልካቹ ገዳዩን አሥር ደቂቃ ቀድሞ ያውቀዋል ወይ? ሁለተኛው የተዋናይ ነው፤ ይህ ንግግር ረጅም ነው፣ ልጁ ሊያለቅስበት ይፈልጋል፣ ማልቀስ የለበትም። ሦስተኛው የሥራ ነው፤ መንገዱ ሰው ይበዛበታል፣ ፀሐይዋ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከሕንፃው ጀርባ ትገባለች። በየቀለሙ ጻፉት።

የሽጉጥ ትዕይንት ካለ አንድ ተጨማሪ መስመር የግድ ነው፦ ወረዳውና ፖሊስ ያውቃሉ ወይ? የአካባቢው ሰው ተነግሮታል ወይ? የፕላስቲክ ሽጉጥም ከሩቅ ሽጉጥ ነው።

ደረጃ 5፦ አንድ ትዕይንት እንሙላ

ማይክል ሬስቶራንት ውስጥ የቤተሰቡን ጠላት ሶሎዞንና የፖሊስ አዛዡን ማክላስኪን የሚገድልበትን ትዕይንት ውሰዱ። ፊልሙን ካላያችሁት መጀመሪያ እዩት። የኮፖላን ቃል መገልበጥ ትቼ እኔ በራሴ አነጋገር ብሞላው እንዲህ ይወጣል።

ማጠቃለያ፦ ሦስት ሰዎች አንድ ትንሽ ሬስቶራንት ውስጥ ይቀመጣሉ። ማይክል ሽንት ቤት ይሄዳል፣ የተደበቀለትን ሽጉጥ ያወጣል፣ ይመለሳል፣ ሁለቱንም ይገድላል፣ ይወጣል።

ዘመኑ፦ ሽጉጡ የተደበቀው ከላይ በተሰቀለው የድሮ ዓይነት የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ጀርባ ነው። ዕቃው የዘመኑ ካልሆነ ዘዴው አይሠራም።

ምስልና ድባብ፦ የቤተሰብ ሬስቶራንት። ጸጥታ። ካሜራው ማይክል ፊት ላይ ይቆያል፣ ፊቱ ደግሞ ምንም አይናገርም፤ ዓይኑ ብቻ ይንከራተታል።

እምብርቱ፦ ከዚህ ጠረጴዛ የሚነሳው ማይክል ቅድም የተቀመጠው አይደለም። መመለሻ የለውም።

ወጥመዶች፦ ማይክል ጀግና እንዳይመስል። ቶሎ እንዳያልቅ። የሚያወሩት ነገር ከሚሆነው ነገር እንዳይበልጥ።

አሁን እነዚህ ፍርሃቶች ፊልሙ ላይ ምን እንደሆኑ ተመልከቱ። የዶኑ ሰው ክሌሜንዛ ማይክልን ሲያሠለጥነው ከሽንት ቤት እንደወጣህ ተኩስ፣ ሽጉጡን ወዲያው ጣለው ብሎታል። ማይክል ወጥቶ ምን አደረገ? ተቀመጠ። ሶሎዞ በጣሊያንኛ ማውራቱን ቀጠለ። ትርጉም ከስር አልተጻፈም። ምን እንዳለ አይገባንም፣ ማይክልም የሚሰማ አይመስልም። በዚህ መሃል የባቡር ጩኸት እየጨመረ ይመጣል። ባቡሩ አይታይም፤ ድምፁን ያስገባው የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች ነው። የምንሰማው የማይክልን ጭንቅላት ነው። ሙዚቃ የለም። ይተኩሳል። ማክላስኪ ሹካውን እንደያዘ ነው። ማይክል ሽጉጡን መጣል ይረሳል፤ በር አካባቢ ሲደርስ ነው የሚወረውረው። የኒኖ ሮታ ሙዚቃ የሚገባው ያኔ ነው።

ጀግና ይህን አያደርግም። ጀግና የተባለውን በትክክል ይፈጽማል። ማይክል የተባለውን እየረሳ ነው የገደለው፣ ስለዚህ አመንነው። ወጥመዱ ወረቀት ላይ ሲጻፍ መልሱ እንዲህ በድርጊት ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ተዋናዩን አሳዩ፣ አትከራከሩ

የፓራማውንት ኃላፊዎች ብራንዶ ይህን ፊልም አይሠራም ብለው ቆርጠው ነበር። በኋላ ሲለመኑ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ አንዱ ፈተና እንዲቀረጽ ነው። ብራንዶን የሚያህል ሰው ና ተፈተን ማለት ከባድ ነው። ኮፖላ የሜካፕ ሙከራ እንሥራ አለው። ጥቂት ሰዎች ይዞ በጠዋት ቤቱ ሄደ። ድምፅ እንዳያሰሙ ነገራቸው። የጣሊያን አይብ፣ ቋሊማና ሲጋር አምጥቶ በየቦታው አስቀመጠ፣ ምንም አላለም። ብራንዶ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ጸጉሩን ወደ ኋላ አሰረ፣ የጫማ ቀለም ቀባው። ጉንጩ ውስጥ ሶፍት ጠቀጠቀ፤ ቡልዶግ መምሰል አለበት አለ። ካሜራው እየሠራ ነበር። ኃላፊዎቹ ቀረጻውን ሲያዩ ሐሳባቸው ተለወጠ።

እናንተ ዛሬ ስልክ አላችሁ። ፕሮዲዩሰራችሁ «የሚታወቅ ፊት» ብቻ ካለ በቃላት አትድከሙ። የምታምኑበትን ልጅ ወስዳችሁ ገጸ ባሕርዩ የሚነካቸውን ዕቃዎች አጠገቡ አስቀምጡ፣ ሁለት ደቂቃ ቅረጹ፣ አሳዩት።

ደረጃ 7፦ ስክሪፕት ሳታነቡ ምሳ ብሉ

የመጀመሪያው ልምምድ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ነበር። ኮፖላ ብራንዶን የገበታው ራስ ላይ አስቀመጠው። ወጣቶቹ ተዋናዮች ዙሪያውን ተቀመጡ። ሁሉም ብራንዶን የሚያመልኩ ልጆች ናቸው። ፓቺኖ ዝም ብሎ በመኮሳተር ሊያስደንቀው ሞከረ፣ ጄምስ ካን በቀልድ፣ ሮበርት ዱቫል ከጀርባው እያስመሰለ ያስቅ ነበር። ታሊያ ሻየር ፓስታ እያመጣች ታድል ነበር። ምግቡ ሲያልቅ ቤተሰብ ሆኑ።

ይህ ለኛ ከማንም ይልቅ ይቀለናል። ተዋናዮቻችሁን ቤት ጥሩ። አንድ ደንብ ብቻ ይኑር፤ ከበር እስከሚወጡ ድረስ ገጸ ባሕርያቸውን ናቸው። ማን መጀመሪያ እጁን ይታጠባል? ማን ማንን ያጎርሳል? አለቃው ሲገባ ማን ብድግ አለ፣ ማን እንደ ነገሩ ተነሳ? ጉርሻ ያልደረሰው ሰው ሦስተኛው ክፍል ላይ የሚከዳው ሰው ሊሆን ይችላል። ያያችሁትን ማታውኑ ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ደረጃ 8፦ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ያንብበው

ክሌሜንዛ ለማይክል የስጎ አሠራር የሚያስተምርበት ትዕይንት አለ። ኮፖላ በረቂቁ ላይ ክሌሜንዛን እንደ ምግብ መጽሐፍ አናገረው። ፑዞ ዳሩ ላይ አረመለት፤ ወንበዴ «ጥበስ» ይላል እንጂ እንዲህ አያወራም አለው። ኮፖላ ስለዚህ ትዕይንት ሲቀልድ ፊልሙ ባይሳካ እንኳ ሰው ቢያንስ ስጎ መሥራት ይማር ብዬ ነው ያስገባሁት ይላል።

ስለ መርካቶ የምትጽፉ ከሆነ ጭነት ያወረደ፣ በረንዳ ላይ የነገደ ሰው ንግግሩን ያንብብ። እያነበበ ከሳቀ ያለቦታው የሳቀበትን መስመር አስምሩበት።

ደረጃ 9፦ ጠንካራውን ትዕይንት ቀድማችሁ ቅረጹ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተቀረጸውን ያዩ ኃላፊዎች ማይክልን የሚጫወተው ፓቺኖ ምን እየሠራ ነው ብለው ነበር። ማይክል በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ዝምተኛ ነው፤ እነሱ ያዩት ያንን ብቻ ነው። ኮፖላ የሬስቶራንቱን ትዕይንት ወደፊት አምጥቶ ቀረጸው። ያን ሲያዩ የፓቺኖ መባረር ወሬ በረደ።

የቀረጻ ፕሮግራም የሚወጣው በሎኬሽንና በሰው ነው፤ እሱ አይቀርም። ቢሆንም ገንዘብ የሚሰጠው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ምን እንደሆነ አስቡበት። ደብተራችሁ ውስጥ እምብርታቸው ከሁሉም የጠነከረ ሦስት ትዕይንቶች ምረጡ፣ አንዱን በመጀመሪያው ሳምንት አስገቡ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ግን አይሁን፤ ያን ቀን ሁሉም ሰው ገና መሣሪያውን እየለመደ ነው።

ደረጃ 10፦ ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ፣ አትታሰሩበት

ብራንዶ እጅ ላይ የምናያት ድመት ስክሪፕቱ ውስጥ የለችም። ስቱዲዮው ውስጥ ስትዞር ኮፖላ አየና ምንም ሳይል አቀፈለት። ስታንጎራጉር ንግግሩን እስከማፈን ደርሳለች። የዶኑን ገዳይ ሉካ ብራሲን የሚጫወተው ሌኒ ሞንታና ከብራንዶ ጋር ሲቀረጽ ፈርቶ ተንተባተበ። ኮፖላ ተንተባተብክ ብሎ አልጣለውም፤ ሉካ ብቻውን ተቀምጦ ለዶኑ የሚለውን ሲለማመድ የሚያሳይ ትንሽ ትዕይንት ጨመረ። የተዋናዩ ፍርሃት የገጸ ባሕርዩ ሆነ። ዶኑ በአትክልቱ ቦታ ሊሞት ሲል የብርቱካን ልጣጭ ጥርሱ ላይ አድርጎ የልጅ ልጁን የሚያስፈራራበት ጨዋታ የብራንዶ ነው። የሕፃኑ ድንጋጤ እውነተኛ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ለመወሰን የምትከፍቱት እምብርቱ የተጻፈበትን ገጽ ነው። ድመቷ እምብርቱን ታጠናክራለች? ቤቱ ተቀምጦ ድመት እየደባበሰ ሰው የሚያስገድል ሽማግሌ፤ አዎ፣ ቤተሰብና ንግድ አንድ ላይ። ትግባ። አንድ ተዋናይ ግን በራሱ የፈጠረው ቀልድ ቢያስቅም ከእምብርቱ ከራቀ ይቅር። ለዚህ ነው ደብተሩ በረዳታችሁ ቦርሳ ሳይሆን በእናንተ እጅ የሚሆነው።

ከእናንተ የተሻለ የሚጽፍ ሰው ካለም ጥሩ። ቪቶና ማይክል አትክልት ቦታው ውስጥ የሚነጋገሩበት ትዕይንት አልመጣ ብሎ ኮፖላ የስክሪፕት ጸሐፊውን ሮበርት ታውንን ጠራ። ታውን ጻፈው። ስሙ በፊልሙ ላይ የለም፣ ኮፖላ ግን ኦስካሩን ሲቀበል መድረክ ላይ አመስግኖታል።

ደረጃ 11፦ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥም ክፈቱት

የክርስትናው ትዕይንት የተሠራው በሁለት ነገር ነው። ማይክል የእህቱን ልጅ ክርስትና ያነሳል፣ በዚያው ሰዓት ሰዎቹ ጠላቶቹን ይገድላሉ። ቄሱ ሰይጣንን ትክዳለህ ወይ ይለዋል፣ እክዳለሁ ይላል፣ አንድ ሰው ይወድቃል። ለኛ ተመልካች ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ በኛም ክርስትና ሰይጣንን መካድ አለ። ሕፃኗ የኮፖላ አራስ ልጅ ሶፊያ ናት። ምስሎቹ ተቆርጠው ሲደረደሩ ግን ተበታትነው ነበር። ያጣበቃቸው ኤዲተሩ ፒተር ዚነር ያስገባው የኦርጋን ድምፅ ነው። አንድ ድምፅ ቤተ ክርስቲያኑንም ደረጃውንም መታሻ ቤቱንም አያያዘ። ሁለት ቦታ የሚሆን ነገር አጣምራችሁ ከሆነ መጀመሪያ ምስሉን ሳይሆን ድምፁን አስቡ። በአንደኛው ቦታ ያለ ድምፅ ወደ ሌላኛው ይፍሰስ፤ አዛን፣ ዝናብ፣ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያለ ሙሾ፣ ምንም ሊሆን ይችላል።

ሌላው የሆስፒታሉ ነው። ማይክል አባቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ጠባቂ የለም፣ ነርስ የለም፣ ኮሪደሩ ባዶ ነው። ሲቆረጥ ትዕይንቱ አጠረ፤ ባዶነቱ አልተሰማም። የባዶ ኮሪደር ሾት ደግሞ አልተቀረጸም። ጆርጅ ሉካስ የተጣሉትን ቁርጥራጮች አገላበጠ። ተዋናዩ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ካሜራው ሳይጠፋ የቀረባቸው ጥቂት ሰኮንዶች አገኘ። እነዚያ ተቀጣጥለው ገቡ። ዛሬ ስናየው የሚያስጨንቀን ያ ባዶ ኮሪደር የተገኘው ከትርፍራፊ ነው።

ስለዚህ ለካሜራማናችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ «ከት» ካላችሁ በኋላ እስከ አሥር ይቁጠርና ያጥፋ። ከ«አክሽን» በፊትም እንዲሁ። ሜሞሪ ካርድ ርካሽ ነው። ፋይሎቹን ስትገለብጡ ሰው የሌለበትን ሁሉ ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስገቡ፣ የትዕይንቱን ቁጥር ጻፉበት፣ ቁጥሩንም ደብተሩ ላይ ከእምብርቱ ስር አስፍሩት። ኤዲተሩ በሌሊት ደውሎ «እዚህ ጋ ትንፋሽ አጣሁ» ሲላችሁ የትኛውን ፎልደር እንደሚከፍት ትነግሩታላችሁ።